ኤጀንቱ ያልተባለውን ሲሰርዝ፦ የትዕዛዝ መሰረዣ ቱል ችግርና መፍትሄ

የኦንላይን ሱቃችሁ ቻት ላይ የኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም ከደንበኛ ጋር እየተጻጻፈ ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም፣ አስገባችሁ። ትዕዛዝ መሰረዣ ቱልም (ኤጀንቱ ሲያስፈልገው የሚጠራው ኮድ) ሰጣችሁት። ሳምንት ሳይሞላ «ሰርዝ ሳልል ተሰረዘብኝ» የሚል ቅሬታ መጣ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ሞዴሉን፣ ማለትም ከኤጀንቱ ጀርባ ያለውን ኤአይ፣ ነው። እኔም በውድ ሞዴል ቀይሬ አይቼዋለሁ፤ ሂሳቡ ጨመረ እንጂ ጥፋቱ አልቀነሰም። ኤጀንቱ ኮዳችሁን አያይም። የሚያየው የቱሉን ስም፣ መግለጫውን፣ እንዲሞላ የተጠየቀውንና ቱሉ የሚመልስለትን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከዚያ ይጀምር።

ችግር፦ ደንበኛው ጠየቀ እንጂ ሰርዝ አላለም፤ ኤጀንቱ ግን ሰረዘው

ምክንያት፦ መግለጫው «ትዕዛዝ ይሰርዛል» የምትል አንድ መስመር ናት። ቱሉ ምን እንደሚሠራ እንጂ መቼ እንደሚጠራ አትናገርም። «ይሄ መሰረዝ ይቻላል?» ያለ ደንበኛ ሰርዙልኝ እንዳለ ተቆጠረ።

መፍትሄ፦ ሲየራ (Sierra) የተባለው ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታው-ቤንች የሚባል የኤጀንት መፈተኛ አለ። የሱቅ ክፍሉ ውስጥ ያለችው መሰረዣ ቱል ጥሩ አርአያ ናት። ስሟ ራሱ ገና ያልተዘጋጀ ትዕዛዝ ብቻ እንደምትሰርዝ ይናገራል። መግለጫዋ ደግሞ የተዘጋጀ ወይም የደረሰ ትዕዛዝ እንደማይሰረዝ ይገልጻል። ኤጀንቱ ዝርዝሩን አስረድቶ ግልጽ አዎ ወይም አይ እንዲቀበልም ያዛል።

ግን «ግልጽ አዎ» በአማርኛ ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ቻቱ ይህን ይመስል ነበር፦

ኤጀንት፦ ትዕዛዙ 2 ጫማና 1 ቦርሳ አለው። ሙሉውን ልሰርዘው?
ደንበኛ፦ እሺ ቆይ ባለቤቴን ልጠይቃት

ሰረዘው። «እሺ» እኛ ጋ «እየሰማሁ ነው» ማለትም ነው፤ ሞዴሉ ግን እንደ ስምምነት ወሰደው። «ይቅር» ይብሳል። «ልሰርዘው?» «ይቅር።» ስረዛው ይቅር ወይስ ዕቃው? በስልክ ቢሆን ከድምፁ ይታወቅ ነበር። በጽሑፍ እኔም አልለየውም። አሁን መግለጫው ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፦ «ደንበኛው ‹አዎ ሰርዝ› ወይም የዚህን ያህል ግልጽ ቃል ካልጻፈ ይህን ቱል አትጥራ። ‹እሺ›፣ ‹ይቅር›፣ ‹ተወው› ለብቻቸው ማረጋገጫ አይደሉም። ደግመህ ጠይቅ።» የምትችሉ ከሆነ ቻቱ ላይ «ሰርዝ» የሚል ቁልፍ አስቀምጡ፤ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ይገላግላል።

ችግር፦ የተላከ ትዕዛዝ ለመሰረዝ ሦስት አራት ጊዜ ይሞክራል

ምክንያት፦ ቱሉ የሚመልስለት «ኤረር 400» የሚል የስህተት ኮድ ብቻ ነው። ያ ለእኛ ለኮድ ጸሐፊዎች የተጻፈ ነው። ኤጀንቱ የሆነ ነገር የተሳሳተ መስሎት ደጋግሞ ይሞክራል።

መፍትሄ፦ ኤረሩን ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ እንዲናገር አድርጋችሁ ጻፉት፦ «ትዕዛዙ ተልኳል፤ አይሰረዝም። ደግመህ አትሞክር። ለደንበኛው ዕቃውን ሲቀበል መመለስ እንደሚችል ንገረው።»

ችግር፦ «ትዕዛዙ አልተገኘም»፣ ትዕዛዙ ግን አለ

አብዛኛውን ጊዜ የአጻጻፍ ጉዳይ ነው። የታው-ቤንች የትዕዛዝ ቁጥር በመሰላል ምልክት (#) ይጀምራል፤ መግለጫውም ምልክቷን አትርሳ ብሎ ምሳሌ ያሳያል። እናንተም አንድ ሙሉ ምሳሌ አስቀምጡ። ደንበኛ ምልክቷን ትቶ ስለሚጽፍ ኮዱም ያለእሷ ቢቀበል ምን ይጎዳል?

ችግር፦ የመሰረዣ ምክንያት ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል

ቦታውን ክፍት ከተዋችሁት ይሞላዋል። የተወሰነ ምርጫ ስጡት። ታው-ቤንች ሁለት ብቻ ነው ያለው፦ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም፣ ወይም በስህተት ነው ያዘዝኩት። ደንበኛው ካልተናገረ እንዲጠይቅ ጻፉ።

ችግር፦ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ተመለሰ

ምክንያት፦ ኔትወርክ ተንቀራፈፈ፣ ስረዛው ተሳክቶ መልሱ ሳይደርስ ቀረ፣ ኤጀንቱ ደገመው። ይህ በመግለጫ አይድንም፤ የሚስተካከለው በኮድ ነው። ለእያንዳንዱ ስረዛ አንድ መለያ ቁጥር ይኑር፤ ያው ቁጥር ሁለተኛ ሲመጣ ገንዘብ ሳይንቀሳቀስ የመጀመሪያው መልስ ይመለስ። መግለጫው ላይ «መልስ ካልመጣ መጀመሪያ የትዕዛዙን ሁኔታ እይ» የሚል ጨምሩ። የደንበኛውን ማንነትም ኤጀንቱ እንዲሞላ አታድርጉ። ከገባበት አካውንት በኮድ ይወሰድ፤ አለዚያ የሰው ትዕዛዝ ቁጥር የጻፈ ሁሉ የሰው ዕቃ ያሰርዛል።

ችግር፦ «ብሩ ዛሬ ይገባል» ብሎ ቃል ይገባል

ቱሉ «ተሳክቷል» ብቻ ሲመልስ የቀረውን ኤጀንቱ በግምት ይሞላዋል። የተመለሰው ብር ስንት እንደሆነ፣ በምን መንገድ እንደሚመለስና በስንት ቀን እንደሚደርስ መልሱ ውስጥ ይኑር። ታው-ቤንች ላይ በስጦታ ካርድ የተከፈለ ወዲያው ይመለሳል፤ ሌላው ከ5 እስከ 7 የሥራ ቀን ይወስዳል። እናንተ የራሳችሁን ቀን ጻፉ። «የሥራ ቀን» ስትሉ ቅዳሜ ይቆጠር እንደሆነም አብራችሁ ጻፉ፤ ደንበኛ እሱን መጠየቁ አይቀርም።

ችግር፦ ቦርሳው ብቻ ይሰረዝ ሲባል ሁሉንም ሰረዘ

ቱሉ ሙሉ ትዕዛዝ ብቻ የሚሰርዝ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ለነጠላ ዕቃ ደንበኛውን ወደ ሰው እንዲያስተላልፍም ጨምሩ።

መግለጫውን ባሻሻላችሁ ቁጥር ከሎጉ (ከቻቶቹ መዝገብ) የተበላሹትን ቻቶች አውጥታችሁ መልሳችሁ አስኪዷቸው። እኔ ሁሌም የማስቀድመው «እሺ ቆይ ባለቤቴን ልጠይቃት» የሚለውን ነው።