በሲቲ ስካን ምርመራ ጨረር በከንቱ የሚባክንባቸው ስህተቶች

ሥር የሰደደው ስህተት ምስሉ በጠራ ቁጥር ምርመራው የተሻለ ነው ብሎ ማሰብ ነው። ጨረር ሲቀንስ ምስሉ አሸዋ የነሰነሱበት ይመስል በነጠብጣብ ይሞላል፤ ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ ግን ጨረሩን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «ምስሉ ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ሐኪሙ የፈለገው ነገር ይታያል ወይ?» ነው። የኩላሊት ጠጠር ከአካባቢው ሥጋ ይልቅ እጅግ ደማቅ በመሆኑ በነጠብጣብ መካከልም ለይቶ ይታያል። ጉበት ላይ ያለች ትንሽ ዕጢ ግን ከጤናማው ጉበት ብዙም አትለይምና ነጠብጣቡ ይውጣታል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መጠን የሚጠቀም ባለሙያ ወይ አንዱን ታካሚ ያለ ጥቅም ያስጨርራል፣ ወይ የሌላውን በሽታ ያልፈዋል።

ሁለተኛው የሚፈጸመው ቁልፉ ከመጫኑ በፊት፣ አልጋው ላይ ነው። ታካሚው በማሽኑ ቀለበት ትክክለኛ መሀል ላይ ካልዋለ ሁለት ነገር ይበላሻል። ከጨረሩ ምንጭ ፊት ያለው ማጣሪያ ጨረሩን መሀል ላይ አጠንክሮ ዳር ላይ የሚያሳሳው አካሉ መሀል ነው ብሎ ስለሆነ፣ ወፍራሙ የአካል ክፍል ሳስቶ ቀጭኑ ይበዛበታል። በተጨማሪም ከዋናው ምርመራ በፊት ለማቀጃ የሚወሰደው የመነሻ ምስል ከላይ ሲነሳ አልጋው ከፍ ብሎ ከነበረ፣ ታካሚው ከእውነተኛው ውፍረቱ በላይ ገዝፎ ይታያል፤ መጠኑን በራሱ የሚወስነው ሥርዓትም ለዚያ ላልተፈጠረ ውፍረት ጨረር ይጨምራል። እጅን ከጎን ዘርግቶ ሆድን ማንሳትም እንዲሁ ነው። ለማስተካከል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚዘለለው ይኸው ነው።

የሆድ ምርመራን ያለ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያደምቅ፣ አዮዲን ያለበት መድኃኒት)፣ በኮንትራስት፣ ከዚያም አዘግይቶ በልማድ ማንሳት ሌላው ነው። አንድ የሆድ ሲቲ በተለምዶ ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ይሆናል፤ የዓለም ሕዝብ ከተፈጥሮ ምንጮች በዓመት የሚያገኘው አማካይ 2.4 ነው። ሦስት ዙር ማለት ሦስት ጊዜ ያህል ነው። በጥያቄ ወረቀቱ ላይ «የሆድ ሲቲ» ብቻ ጽፎ የሚልክ ሐኪም የዚህ ተካፋይ ነው እላለሁ።

ሕፃንን በአዋቂ ቅንብር ማንሳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም፤ አካሉ ትንሽ፣ ለጨረር ያለው ተጋላጭነት ከፍተኛ፣ የቀረው ዕድሜም ረጅም ነው። ቀጭን ታካሚን ኮንትራስት ሰጥቶ በልማዱ 120 ኪሎቮልት (ጨረሩ በሚመነጭበት የኤሌክትሪክ ግፊት) ማንሳትም ያስቆጫል፤ በ100 ወይም በ80 የኮንትራስቱ አዮዲን ይበልጥ ስለሚደምቅ አነስተኛ ጨረር ይበቃል።

ማሽኑን ጭፍን ማመን ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በሎስ አንጀለስ አንድ ሆስፒታል ለአእምሮ ደም ዝውውር ምርመራ የተቀየረ ቅንብር ለ18 ወራት ያህል ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ከ200 በላይ ታካሚዎች ከታሰበው ስምንት እጥፍ ገደማ ጨረር አግኝተዋል። ጉዳዩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ታካሚ ጸጉሩ መርገፉን ከተናገረ በኋላ ነው። ዘመናዊ ማሽን ሊሰጥ ያሰበውን መጠን ከማንሳቱ በፊት በስክሪኑ ላይ ያሳያል፤ የሚያነበው ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በተቃራኒው መቀነስን ራሱን ግብ ማድረግም ስህተት ነው። ምንም የማይነበብበት ምስል እንደገና ይነሳል፣ ታካሚውም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ቅንብሩን ከመወንጀል በፊት ግን የተነበበው ምስል ቁራጭ (አንዱ ምስል የሚያሳየው የአካል ንጣፍ) ውፍረት ይታይ፤ የ1 ሚሊሜትር ቁራጭ ከ5 ሚሊሜትሩ ይልቅ ነጠብጣቡ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ያንኑ መረጃ አወፍሮ እንደገና ማቀናበር ተጨማሪ ጨረር አይጠይቅም።