ወረርሽኝ ሲመጣ ከቤታችሁ ማን ይቅደም? በአንድ ወረቀት የሚሠራ ስሌት

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር የምንሰማት ዓረፍተ ነገር አለች። «አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ይጠንቀቁ።» እውነት ናት፣ ግን ለቤት አትበቃም። እናታችሁ ግፊት አለባቸው፣ እህታችሁ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወንድማችሁ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነው፣ ሠራተኛዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስታስል ትውላለች። ለይታችሁ መስጠት የምትችሉት አንድ ክፍል ብቻ ነው። ለማን ትሰጡታላችሁ?

ወረቀትና እርሳስ አምጡ። እስክሪብቶ አይሁን፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። ቤት ውስጥ የሚያድረውን ሰው ሁሉ ስም ጻፉ። ሁሉ ስል ሁሉንም ነው፤ የቤት ሠራተኛዋን፣ ግቢ የሚያድረውን ዘበኛ፣ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር መጥታ ሳሎን የምትተኛዋን አክስት ጭምር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥያቄ መልሱ፤ ክፉ መልስ በመጣ ቁጥር ስሙ አጠገብ አንድ ምልክት አድርጉ። ቫይረሱን የማግኘት ዕድሉ ምን ያህል ነው? ቢይዘው ሰውነቱ ይቋቋመዋል? ቢብስበትስ ቶሎ ሕክምና ያገኛል? ብዙ ሰው ሁለተኛውን ብቻ ጠይቆ ያቆማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ እኛ አገር በጣም የተናቀው ሦስተኛው ነው።

በመጀመሪያ፣ የትኛው ቫይረስ ነው?

እርሳስ ያልኩት ለዚህ ነው። ሁሉም ቫይረስ አንድ ዓይነት ሰው ላይ አይበረታም። ኅዳር 1911 አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ፣ በ1918 (እ.ኤ.አ.) ዓለምን ያዳረሰው የስፓኒሽ ፍሉ ማለት ነው፣ በተለይ የበረታው ከ20 እስከ 40 ዓመት ባሉት ጉልበተኞች ላይ ነበር። ራስ ተፈሪ ራሳቸው በ26 ዓመታቸው በጠና ታመው ተርፈዋል። በከተማዋ ወደ 10 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ለምን ወጣቱን? አንዱ ማብራሪያ የወጣቱ የመከላከል አቅም ከልክ በላይ ተቆጥቶ የራሱን ሳንባ ጎዳ የሚል ነው። ሌላው ደግሞ አዛውንቶቹ በልጅነታቸው ተቀራራቢ ቫይረስ ስላገኛቸው ሰውነታቸው ያውቀው ነበር ይላል።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) የመጣው የአሳማ ጉንፋንም ወጣቶችን፣ ነፍሰ ጡሮችንና ከመጠን በላይ ውፍረት ያለባቸውን አጥቅቷል። ኮሮና ግን ዕድሜን ተከትሎ ነው የገደለው። አሜሪካ ውስጥ በኮሮና ከሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ገደማ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ነበሩ። ሕፃናትን ባብዛኛው ቀለል አድርጎ አለፈ። ተራው ኢንፍሉዌንዛ ግን ከ5 ዓመት በታች ያሉትን፣ በተለይ ከ2 ዓመት በታች ያሉትን አይምርም።

ስለዚህ አዲስ ወረርሽኝ ሲሰማ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጆሯችሁ «ስንት ሰው ተያዘ» የሚለው ላይ አይሁን። «ማን ነው ሆስፒታል የገባው» የሚለውን ተከታተሉ። ወረቀቱን በዚያ ታርሙታላችሁ።

ሰውነቱ ይቋቋመዋል ወይ?

ከዕድሜ ጀምሩ። ሰው ሲያረጅ አዲስ ጠላትን የሚለዩት የመከላከያ ሴሎች ይቀንሳሉ፣ የቀሩትም ይዘገያሉ። ሰውነት እስኪነቃ ቫይረሱ ሳንባ ይደርሳል። ሌላም ነገር አለ፦ አዛውንት ላይ ትኩሳት ላይታይ ይችላል። እማማ «ድክም ብሎኛል» ብለው ምግብ ከተዉ፣ ወይም በድንገት የልጆቻቸው ስም ከተምታታባቸው፣ ያ ራሱ ምልክት ነው። ሰውነታቸው እስኪግል አትጠብቁ።

ቀጥሎ ስኳር። የደም ስኳር ከፍ ብሎ ሲቆይ ነጭ የደም ሴሎች ሥራቸውን በቅጡ አይሠሩም፣ የደም ሥሮችም ይጎዳሉ። ኢንፌክሽኑ ደግሞ ስኳሩን መልሶ ያንረዋል፣ ሁለቱ እየተጋገዙ ሰውየውን ይጥሉታል። ችግሩ ስኳር እንዳለበት የማያውቀው ሰው ብዙ መሆኑ ነው። ወረቀታችሁ ላይ «ጤነኛ» ያላችሁት የ50 ዓመት አጎት ለመሆኑ ተለክቶ ያውቃል? ካልተለካ «ጤነኛ» የሚለውን አጥፉና የጥያቄ ምልክት አድርጉበት። ሌሊት ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ፣ ውኃ ውኃ የሚለው ከሆነማ ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱ፣ ወረርሽኝ ኖረም አልኖረም። ግፊትም እንደዚሁ ነው፣ ሳይለኩት አይታወቅም። «ተመችቶሃል» እየተባለ የሚወደስ ቦርጭ ያለውንም አትዝለሉ፤ ውፍረት ሳንባ በደንብ እንዳይነፋ ያደርጋል።

አሁን ወደ ጭስ ልምጣ። ይኼ ከውጭ በሚመጡት ዝርዝሮች ላይ እንደሚገባው አይነሳም። ሲጋራ አፏ ገብቶ የማያውቅ ሴት ሠላሳ ዓመት በማገዶና በኩበት ስትጋግር ከኖረች ሳንባዋ የአጫሽን ያህል ሊጎዳ ይችላል። ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ አክንባሎውን ስታነሳ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን የምታዞረዋን ሴት ታውቋታላችሁ። ዳገት ስትወጣ መሃል ላይ ቆም የምትል ከሆነ፣ ወይም ጠዋት ጠዋት አክታ ያለው ሳል የማይለቃት ከሆነ፣ «ሳንባ» ብላችሁ ጻፉ። «የለመደባት ሳል ነው» ተብሎ አይታለፍ። (በነገራችን ላይ ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ያንኑ የኅዳር በሽታ ለማባረር የተጀመረ ነው ይባላል። አስም ያለበት ሰው ግን ያን ዕለት መስኮቱን ዘግቶ ቢውል ይሻለዋል።)

ነፍሰ ጡሯን «ወጣት ናት፣ ትቋቋመዋለች» አትበሉ። ማህፀን ሲያድግ ሳንባን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ልብም ከወትሮው በላይ ይሠራል፣ ደም የመርጋት ዕድሉም ይጨምራል። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት የሚጎርፈው ጠያቂ በስልክ ይበል፤ ገንፎው ይደርሳል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ኩላሊት እጥበት ላይ ያለ፣ የካንሰር ሕክምና የሚወስድ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ የመከላከል አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚውጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ወይም እየታከመ ያለ፣ የልብ ሕመም ያለበት። ልብ ሲባል ሽማግሌ ብቻ አይምጣባችሁ። በልጅነታቸው ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ወጣቶች እኛ አገር ጥቂት አይደሉም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወስዶ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ከታፈነ አደጋው በጣም ይቀንሳል፤ ያቋረጠ ወይም ጨርሶ ያልጀመረ ግን ከከባዶቹ ጋር ነው የሚመደበው።

ሁሉም ሰው ምሥጢሩን አይነግራችሁም፣ አታስጨንቁት። «ክትትል አለህ ወይ?» ብቻ በሉት። አዎ ካለ ምልክት አድርጉና ምክንያቱን ተዉት።

ቫይረሱን ማን ያገኘዋል?

ሰው የሚገናኘው ሰው፣ የሚገናኝበት ቦታ፣ የሚቆይበት ሰዓት። እነዚህን ሦስቱን ቁጠሩ። የሚኒባስ ረዳት ከጠዋት እስከ ማታ ሰው በሰው ላይ በተጫነበት መኪና ውስጥ ነው፤ መስኮት ሲከፍት «ኧረ ዝጋው፣ ብርድ ነው!» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። ነርሷ ደግሞ የምታገኘው በጠና የታመሙትን ነው። ነጋዴው፣ የባንክ ገንዘብ ከፋዩ፣ አስተማሪው እያላችሁ ቀጥሉ። ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቻችንም ብዙዎቹ አረጋውያን በመንከባከብና በታክሲ ነው የሚኖሩት፣ ሥራው ከቤት ሆኖ አይሠራም። ሪያድና ቤይሩት በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን የባሰባቸው ናቸው። ታማሚውን የሚያስታምሙት እነሱ፣ ሲታመሙ የት እንደሚተኙ የሚወስነው ግን አሠሪው።

እስቲ ወደ እኛው ቤት እንመለስ። ገበያ የምትላከው ማን ናት? ታማሚ ሲኖር ሾርባ የምታቀርበው፣ አንሶላ የምታጥበው? መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል የምትተኛው? ሲያማት ደግሞ «ትንሽ ተኚ፣ ይለቅሻል» የምትባለው? ወረቀቱን በሐቅ ከሞላችሁት በብዙ ቤት ሦስቱም ጥያቄ ላይ ክፉ መልስ የሚመጣባት ሠራተኛዋ ናት። ሃያ ዓመቷ ስለሆነ ብቻ ከዝርዝሩ ግርጌ አትጻፏት።

ቢብስበት ማን ያደርሰዋል?

በኮሮና ጊዜ በጠና ከታመሙት ብዙዎችን ያተረፋቸው በሰዓቱ የተገኘ ኦክስጅን ነው። ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ «ጉንፋን ነው» ይባላል። ከዚያ ዳማከሴ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ከዚያ ጸበል፣ ከዚያ ፋርማሲ። ዳማከሴውን ጠጡ፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ ብቻ ትንፋሽ ያጠረውን ሰው በእሱ አታቆዩት። ገንዘብም አለ፣ ርቀትም አለ፣ ይሉኝታም አለ። በ2012 ጎረቤት እንዳይሰማ ብሎ ሳሉን በትራስ ያፈነ ሰው ጥቂት አልነበረም።

ለዚህ ጥያቄ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ ኦክስጅን ያለው የቅርቡ ሆስፒታል፣ ሌሊት መኪና የሚያወጣ ጎረቤት ስልክ፣ ሳይነካ የሚቀመጥ ገንዘብ፣ «እንሂድ» ብሎ የሚወስን ሰው። የመጨረሻውን አትናቁት። ስንት ቤት ነው «ወንድምየው ይምጣና እንነጋገር» እየተባለ የሚነጋው!

ወረቀቱ ከሞላ በኋላ

መስኮት ያለው ክፍል ወረቀቱ ላይ ብዙ ምልክት ላለበት ሰው ይሰጥ፣ እሱም ሳይታመም በፊት። ውጭ ውሎ የሚገባው ከእሱ ጋር አይተኛ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ፣ ቀን ቀን በሩንም መስኮቱንም ክፈቱ፣ ከውጭ የሚገባው ሰው ማስክ አድርጎ ይቀመጥ። ፍጹም አይደለም፣ ይቀንሳል ግን። አስታማሚ አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ ወረቀቱ ላይ ምልክቱ ጥቂት የሆነው። አያት ታማሚ የልጅ ልጅ ካላስታመምኩ ብለው ሲነሱ መከልከል ከባድ ነው፣ ግን ከልክሏቸው።

የክትትል መድኃኒት ከወር በላይ የሚበቃ ይያዝ። ሐኪሙን «የሁለት ወይም የሦስት ወር ቢሰጠኝስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። በወረርሽኝ ጊዜ ሰው በቫይረሱ ብቻ አይሞትም፣ ፈርቶ ቀጠሮውን በመቅረቱ ግፊቱና ስኳሩ የሚጥለውም አለ። የሕፃናት ክትባትም አይዘለል። ለወረርሽኙ ክትባት ሲመጣ ተራችሁን ተጠቀሙ፤ በ2013 የኮሮና ክትባት ሲጀመር የጤና ባለሙያዎች ከፊት የተሰለፉት ለቫይረሱ ይበልጥ የተጋለጡት እነሱ ስለሆኑ ነው።

ለቅሶ ላይ ምን ይሻላል? አለመድረስ አይቻልም፣ ይገባኛል። ከቤት አንድ ሰው ይወከል፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት የሌለበት። ድንኳኑ ዳር ይቀመጥ፣ መሳሳሙን ይተው፣ ቶሎ ይነሳ። እናታችሁ በስልክ ያልቅሱ።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ ከቻላችሁ ግዙ። ነገር ግን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ እዚህ ጤነኛ ሰውም ቁጥሩ ቆላ ካለው ሰው ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ሰው ጤነኛ ሳለ ይለካና ቁጥሩ ስሙ አጠገብ ይጻፍ። ሲታመም የምታወዳድሩት ከዚያ ጋር ነው፤ ከራሱ ቁጥር ከወረደ ሐኪም ይየው፣ ከ90 በታች ከሆነ ደግሞ ጊዜ አትፍጁ። የጥፍር ቀለምና ሂና ያሳስታሉ። ጥቁር ቆዳ ላይም መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውየው እያለከለከ ከሆነ ሰውየውን እመኑ።

ከንፈር መጥቆር፣ ደረት ላይ መጨነቅ፣ መቃዠት፣ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት፣ ተሽሎት ቆይቶ እንደገና መውደቅ፣ እነዚህ ሁሉ የሆስፒታል ምልክቶች ናቸው። ኮሮና ብዙ ጊዜ የሚከፋው ሕመሙ ከጀመረ ሳምንት ገደማ ሲሆነው ስለነበር «ሦስት ቀን አለፈው፣ ዳነ» ብላችሁ አትዘናጉ። ብቻዋን የምትኖር አክስት ካለቻችሁ ጠዋትና ማታ ደውሉላት። «እንዴት አደርሽ?» ካላችኋት «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላችኋለች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለም ቢሆን። ትናንት ምን እንደበላች፣ ማን እንደጠየቃት አስወሯት። አንድ ረዘም ያለ ነገር ሳታቋርጥ መጨረስ ካቃታት ስልኩን ዝጉና ለባለ መኪናው ጎረቤት ደውሉ።