በተማሪ ኪስ፣ ከጓደኛ ጋር ውጭ አገር ከተማ ለማየት

ውጭ አገር ሄዶ ሁለት ሦስት ቀን አንድ ከተማ ማየት የባለ ገንዘብ ልጆች ነገር ይመስላል። አይደለም። ተማሪ ሆኜ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር እሄዳለሁ፤ ሁለታችንም ትርፍ ገንዘብ ኖሮን አያውቅም። ርካሽ ትኬት የት እንደሚገኝ የሚናገር ሞልቷል። እኔ ግን የጉዞውን ወጪ የሚወስነው ትኬቱ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ይበልጥ የሚወስነው ትኬቱ ከመቆረጡ በፊት ሁለታችሁ የምታወሩት ነው። ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ቁርጡን ተነጋገሩ

ጓደኛሞች ስለ ገንዘብ ማውራት ያፍራሉ። አንዷ "እኔ ምንም ችግር የለብኝም" ትላለች። ሌላዋም ትደግማለች። ሁለቱም ግን ውስጥ ውስጡን ይሰጋሉ። ይህ ስጋት ከተማው ውስጥ ሲገቡ ይወጣል፤ ምግብ ቤት በር ላይ፣ የሙዚየም ወረፋ ላይ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እኛ እንዲህ እናደርጋለን። ከቤት ወጥተን ቤት እስክንመለስ፣ ሁሉም ተደምሮ፣ ከስንት በላይ ማውጣት እንደማንችል በየራሳችን ወረቀት ላይ እንጽፋለን። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት እኩል እንገልጣለን። አንዷ ቀድማ ከተናገረች ሌላዋ በይሉኝታ ያንኑ ቁጥር ትደግመዋለች፤ ወረቀቱ ይህን ያስቀራል። የጉዞው በጀት ትንሹ ቁጥር ነው። አማካዩ አይደለም። አማካዩን ከወሰዳችሁ አንዳችሁ የሌላትን ገንዘብ እያወጣች ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዳችሁ "ይህ ካልሆነ ባልሄድ ይሻለኛል" የምትሉትን አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። የእኔ ሁልጊዜ ሙዚየም ነው። የጓደኛዬ አንድ ጥሩ እራት ነው፤ ተቀምጣ፣ ሳትቸኩል፣ ከተማው የሚበላውን። ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ገንዘብ ቀድሞ ይመደባል። እነሱ ላይ ቁጠባ የለም። ሌላው ሁሉ በነፃ ወይም በርካሽ ይሆናል።

ስለ እንቅልፍም አውሩ። እኔ በጠዋት ነው የምነሳው፤ እሷ አርፍዳ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ለየብቻ ነን፤ እኩለ ቀን ላይ እንገናኛለን። አብሮ መሄድ ማለት ሙሉ ቀን ተጣብቆ መዋል አይደለም። ይህን ቀድሞ የተነጋገረ ጓደኛ አይቀያየምም።

የትኛው ከተማ?

ከተማ ስትመርጡ ከትኬቱ ዋጋ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ቪዛ ያስፈልጋችኋል ወይ? እዚያ የአንድ ቀን ኑሮ ስንት ነው? ትኬቱ ርካሽ ሆኖ አልጋው ውድ የሆነበት ከተማ ብዙ ነው።

ቪዛ በእያንዳንዱ ፓስፖርት ነው የሚታየው። አብራችሁ ብትሄዱም የሁለታችሁ ፓስፖርት የተለያየ አገር ከሆነ አንዳችሁ ቪዛ ላያስፈልጋት፣ ሌላዋ ሊያስፈልጋት ይችላል። ለሸንገን አገሮች፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ለሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ማመልከቻውን ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይችላል፤ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው። እኔ እስከ መጨረሻው መጠበቅን በፍጹም አልመክርም። ከ2024 ሰኔ ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የአዋቂ ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድንም ይጠየቃል። ፓስፖርቱ ከሸንገን ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዛችሁ፣ በመሃል ለንደን ወይም ኢስታንቡል ደርሰን እንመለስ ካላችሁ ተመልሳችሁ መግባት አትችሉም። ሁለቱም ከሸንገን ውጪ ናቸው።

አጭር ጉዞ ላይ አንድ ከተማ ይበቃል። ሁለት ከተማ ሦስት ቀን ውስጥ መጨመቅ ገንዘቡንም ቀኑንም ለባቡርና ለአውቶቡስ መስጠት ነው።

ትኬቱ

የቀን ነፃነት ካላችሁ በሳምንቱ መሃል ሂዱ። ተማሪ ከሠራተኛ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው፤ ፈተና ካለቀ በኋላ ማክሰኞ መሄድ እንችላለን።

ግን የአውሮፕላን ማረፊያውን ስም በደንብ አንብቡ። ቦቬ የፓሪስ ተብሎ ይሸጣል፤ ከፓሪስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሃን የፍራንክፈርት ስም አለው፤ ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ከተማው የሚያስገባችሁ አውቶቡስ ስንት እንደሆነ ሳትደምሩ ሁለት ትኬት አታወዳድሩ። እኩለ ሌሊት የሚያርፍ በረራም እንደዚያው ነው። አውቶቡስ ከሌለ ታክሲ ነው፤ ታክሲው ደግሞ የተቆጠበውን ሁሉ ይበላል።

በርካሽ አየር መንገድ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ መቀመጫ ሥር የሚገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ልኩን ከአየር መንገዱ ገጽ ላይ አይታችሁ ቤት በሜትር ለኩት፤ ጎማውንና እጀታውን ጨምራችሁ። ተጨማሪ ሻንጣ የግድ ካስፈለገ አንድ ለሁለት ግዙ። ፎጣ፣ ሻምፑ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶኬት ማስማሚያ አንድ አንድ ይበቃል። ሁለት ሰው መሆን የሚጠቅመው እንዲህ ባለው ነገር ነው። ቼክኢኑን ስልክ ላይ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ አንዳንዱ አየር መንገድ አየር ማረፊያ ላይ ለመሥራት ብዙ ያስከፍላል።

ማደሪያ

ለሁለት ሰው ሆስቴል፣ በጋራ ክፍል ውስጥ አልጋ የሚከራይበት ማደሪያ፣ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። የአንድ አልጋን ዋጋ በሁለት አባዙና ከሁለት ሰው ክፍል ጋር አወዳድሩ። ብዙ ቦታ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አንዳንዴም ክፍሉ ይረክሳል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህ ዕድል የለውም። ሆስቴል ከሆነ እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው፤ የሚቆለፍ ሳጥን፣ ወጥ ቤት፣ የሴቶች ብቻ ክፍል። ወጥ ቤት ካለ ቁርስና አንድ ራት እዚያው ይሠራል።

ከከተማው ውጪ ያለ ርካሽ ክፍል ያታልላል። የክፍሉን ዋጋ፣ የሁለት ሰው የቀን መጓጓዣና በመንገድ የሚያልፈውን ሰዓት አንድ ላይ ደምሩ። ማታ ሜትሮ ስንት ሰዓት እንደሚቆምም እዩ። እኔ መሃል ከተማ ላይ ያለች ጠባብ ክፍልን እመርጣለሁ። በእግር ተመልሶ ማረፍ ይቻላል፤ ጃኬትም ይቀየራል።

ብዙ የአውሮፓ ከተሞች በአልጋው ዋጋ ላይ የጎብኚ ግብር ይጨምራሉ። ሮም በሰውና በሌሊት ታስከፍላለች። አምስተርዳም ከ2024 ጀምሮ ከክፍሉ ዋጋ ላይ 12.5 በመቶ ትወስዳለች። ግብሩ ክፍል ስትይዙ ባያችሁት ቁጥር ውስጥ ላይገባ ይችላል፤ ስትደርሱ ነው የሚጠየቀው። ቀድማችሁ ደምሩት።

የጋራ ቦርሳ

ይህን ክፍል ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን እኩል ገንዘብ አዋጡና አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ አድርጉ። ውኃ፣ ዳቦ፣ አውቶቡስ፣ አብራችሁ የምትገቡበት መግቢያ ሁሉ ከዚያ ይከፈላል። ለራሷ የምትገዛውን እያንዳንዷ ከራሷ ኪስ ትከፍላለች። ቦርሳው ሲያልቅ እኩል ትሞላላችሁ። "ትናንት ቡናውን ማን ከፈለ?" የሚባል ነገር ይቀራል። በካርድ ብቻ የምትከፍሉ ከሆነ ስፕሊትዋይዝን የመሰለ የጋራ ወጪ የሚያሰላ አፕ ላይ ወዲያው መዝግቡ። ማታ እንመዘግባለን ማለት አይሠራም፤ ማታ ደክሟችኋል።

ቦርሳውን በየቀኑ ተቀያየሩ። አንዷ ሁልጊዜ ከያዘች እሷ ሒሳብ ሹም ትሆናለች፤ ሌላዋም ለእያንዳንዱ ነገር ፈቃድ የምትጠይቅ ይመስላታል። ደግሞ የሁለታችሁም ካርድ አንድ ቦታ አይቀመጥ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ሁለታችሁን ቤት ያደርሳል። የፓስፖርታችሁን ፎቶም ተላላኩ፤ የእሷ በእኔ ስልክ፣ የእኔ በእሷ ስልክ አለ።

በነፃ የሚታይ

በነፃ የሚታየው ነገር የተረፈ ነገር አይደለም። አንዳንዱ ከሚከፈልበት ይበልጣል።

ሮምን ውሰዱ። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግቢያው ነፃ ነው። ወረፋው የፍተሻ ስለሆነ በጠዋት ሂዱ፤ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስም ልበሱ። ከዚያ በእግር ወንዙን ተሻግራችሁ ፒያሳ ናቮና አጠገብ ያለው ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ሠዓሊው ካራቫጆ ስለ ቅዱስ ማቴዎስ የሣላቸው ሦስት ሥዕሎች እዚያው ግድግዳ ላይ ናቸው። ምንም አይከፈልም። ብርሃኑ እንዲበራ ሳንቲም የሚጨመርበት ሳጥን አለ፤ እሱን ከጋራ ቦርሳው ክፈሉ። ሙዚየም ውስጥ ቢሆኑ ረጅም ወረፋ የሚኖራቸው ሥዕሎች ናቸው። ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ግን ከ2023 ሐምሌ ጀምሮ ለቱሪስት ክፍያ አለው፤ ነፃ ነው የሚል የቆየ ጽሑፍ ካገኛችሁ አትመኑት። የጣሊያን የመንግሥት ሙዚየሞች፣ ኮሎሲየምን ጨምሮ፣ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነፃ ናቸው። ወረፋው ረጅም ነው። ውኃ ደግሞ አትግዙ፤ በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ የሚጠጣ ውኃ የሚፈስባቸው ቧንቧዎች አሉ።

ማድሪድ ላይ ፕራዶ ሙዚየም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 2 ሰዓት፣ እሑድ ከ11 እስከ 1 ሰዓት በነፃ ያስገባል። ይህን የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። ሁለት ሰዓት ለሙሉ ሙዚየሙ አይበቃም። ስለዚህ ሠዓሊዎቹን ቬላስኬዝንና ጎያን ብቻ ብላችሁ ግቡ። ለንደን ውድ ከተማ ነው፤ ግን የብሪቲሽ ሙዚየም፣ የናሽናል ጋለሪና የቴት ሞደርን ቋሚ ስብስቦች የመግቢያ ክፍያ የላቸውም። አልጋው ላይ የወጣው እዚያ ይካካሳል።

የተማሪ ቅናሽ ከመጠየቃችሁ በፊት ቅናሹ በምን እንደሚሰጥ አንብቡ። አንዳንዱ በዕድሜ ነው። አንዳንዱ በተማሪነት ነው። አንዳንዱ ደግሞ የአውሮፓ ነዋሪ ለሆነ ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲያችሁ መታወቂያ በላቲን ፊደል ካልተጻፈ አይሲክ የሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪ ካርድ ይጠቅማል።

መጓጓዣና ምግብ

ኢስታንቡል ላይ ኢስታንቡልካርት የሚባለው የመጓጓዣ ካርድ አንዱ ለሁለታችሁ ይሠራል፤ ደጋግማችሁ ታስነኩታላችሁ። ለንደን ላይ ግን እያንዳንዷ የራሷ ካርድ ያስፈልጋታል። በርሊን ላይ የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ማሽኑ ላይ ማኅተም አስመቱበት፤ ያለዚያ ቅጣቱ 60 ዩሮ ነው። ሉክሰምበርግ ከ2020 ጀምሮ የሕዝብ መጓጓዣውን ለሁሉም ነፃ አድርጋለች። የቀን ትኬት የሚያዋጣው ብዙ ጊዜ ለምትሳፈሩ ብቻ ነው። በእግር የምትሄዱ ከሆነ ተዉት።

ምግብ ላይ ምክሬ አጭር ነው። ቁርስ ከሱፐርማርኬት፣ ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ። ብዙ ቦታ ያው ወጥ ቤት ምሳ ላይ በቋሚ ዋጋ የሚያቀርበው ከእራቱ ይረክሳል። የጓደኛዬ እራት ግን በቦታው አለ።

ገንዘብ አወጣጥ

ኤቲኤም ወይም የካርድ ማሽን "በአገርህ ገንዘብ ይመንዘር?" ብሎ ሲጠይቅ እምቢ በሉ። የከተማውን ገንዘብ ምረጡ። ማሽኑ የሚያቀርበው ምንዛሪ አብዛኛውን ጊዜ ከባንካችሁ የባሰ ነው። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከማውጣት አንድ ጊዜ በርከት አድርጎ ማውጣት ይሻላል፤ ክፍያው በእያንዳንዱ ጊዜ ስለሚቆረጥ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት የጋራ ቦርሳውን አልጋ ላይ ዘርግፉት። የአየር ማረፊያውን መጓጓዣ ለይታችሁ አስቀምጡ። ምንዛሪ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ሳንቲም አይቀበሉም፤ ስለዚህ ሳንቲሙን ለመንገድ ዳቦና ፍራፍሬ አውጡት። የተረፈውን የወረቀት ገንዘብ እዚያው እኩል ተካፈሉ፤ አፕ ላይ የቀረ ዕዳ ካለም አውሮፕላን ሳትሳፈሩ ዝጉት።