ጎግል ሺት ላይ ከለር ያለው ድሮፕዳውን አሠራር

ብዙ ሰው አንድ ሺት ላይ ሲሠራ አንዱ «ጸድቋል» ሌላው «ፀድቋል» ብሎ ይጽፋል፣ ሺቱ ደግሞ እነዚህን ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው፣ ፊልተር ስታደርጉ ግማሹ ይቀራል። ለዚህ ነው ድሮፕዳውን፣ ማለትም ሴሏን ስትነኩ ከተዘጋጀ ሊስት የምትመርጡበትን፣ በጣም የምወደው።

መጀመሪያ ሴሎቹን ሴሌክት አድርጉ፣ ርዕሱ ያለበትን ሮው ግን አትንኩት። ከዛ ኢንሰርት ውስጥ ገብታችሁ ድሮፕዳውን የሚለውን ስትነኩት በቀኝ በኩል ሳጥን ይከፈታል፣ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ያለችውን ክብ ስትነኳት ከለር ትመርጣላችሁ። «ጸድቋል» አረንጓዴ፣ «በሂደት ላይ» ቢጫ፣ «ተመልሷል» ቀይ። ከአምስት ከለር በላይ ባታበዙ ይሻላል፣ ሲበዛ ዓይን መለየት ያቅተዋል።

ዳን ከማለታችሁ በፊት ግን አድቫንስድ ኦፕሽንስን ክፈቱና ሪጀክት ዘ ኢንፑት የሚለው መመረጡን እዩ፣ ከሊስቱ ውጪ የተጻፈ ነገር እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው።

ይሄ ከለር የሚያርፈው ሴሏ ላይ ብቻ ነው። ሙሉ ሮው እንዲቀለም ከፈለጋችሁ ዳታውን በሙሉ ሴሌክት አድርጋችሁ ፎርማት ውስጥ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ግቡ፣ ከስተም ፎርሙላ ምረጡና የእኩል ይሆናል ምልክት፣ የዶላር ምልክት፣ ድሮፕዳውኑ ያለበት ኮለም ፊደል፣ ሴሌክት ያደረጋችሁት የመጀመሪያው ሮው ቁጥር፣ እንደገና የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዛ የምርጫውን ቃል በድርብ ጥቅስ ውስጥ ጻፉ። የዶላር ምልክቷ ከፊደሉ በፊት ካልገባች ሮው ሙሉ አይቀለምም። ለእያንዳንዱ ምርጫም የራሱን ሩል መጨመር አለባችሁ።