ጅማ ውስጥ የቤት መብራት ሲደክም ማንን እንጥራ?

ማታ ማታ ምጣዳችን አይግልም፣ አምፖሉም ይደበዝዛል፤ የጎረቤት ግን ደህና ነው። ስታቢላይዘር ገዛን፣ አልረዳም። ኤሌክትሪሺያን የውስጡን መስመር ፈተሸ፣ ችግር የለበትም።

መላው የተገኘው የክፍያ ደረሰኙ ላይ የድርጅቱን ስም ስናይ ነው። ግልገል ጊቤ ቅርባችን ቢሆንም ከግድቡ እስከ ቤታችን የሚያመጣው አንድ ድርጅት አይደለም። የድሮው መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሏል፤ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል፣ በከፍተኛ ቮልቴጅም ያስተላልፋል። የሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶው፣ ቆጣሪውና ሒሳቡ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው።

ወደ አገልግሎቱ ስልክ 905 ደውለን የደንበኛ ቁጥራችንን ሰጠን፤ «መብራት የለም» ሳይሆን «የእኛ ቤት ብቻ ኃይል ይወርዳል» አልን። የጥገና ሠራተኞች መጥተው ምሰሶው ላይ የላላውን ሽቦ አጥብቀው አሰሩት። እባካችሁ፣ የግል ኤሌክትሪሺያን ምሰሶ ላይ አታውጡ፤ ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ያለው መስመር ሕይወት ያጠፋል።