የሕፃናት ሞት ቁጥር ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የጤና ተማሪዎች ስለ ሕፃናት ሞት፣ ማለትም በሕይወት ተወልደው ዓመት ሳይሞላቸው ስለሚሞቱት፣ ጽሑፋቸውን ሲያቀርቡ አንድ ድምዳሜ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ "የሕፃናት ሞት ጨምሯል፤ ስለዚህ ሕክምናው ወርዷል።" እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ እርግዝናው 28 ሳምንት ሳይሞላ የተወለዱት የት ተጻፉ? ጥቂት ናቸው፤ ግን ብዙዎቹ ስለሚሞቱ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል።

አንደኛው ስህተት፣ ተንፍሶ የሞተን ልጅ "ውርጃ" ብሎ መጻፍ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም፣ ከተወለደ በኋላ ከተነፈሰ፣ ልቡ ከመታ ወይም እትብቱ ከተርገበገበ፣ የስንትም ሳምንት ይሁን በሕይወት ተወልዷል። ሌሊት አዋላጇ "አንዴ ብቻ ነው የተነፈሰው" ብላ ካለፈችው፣ ከተወለዱትም ከሞቱትም ይጠፋል። ቤተሰቡም ገና ስም ስላላወጣለት ዝም ይላል። ቁጥሩ አማረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወርን በግምት መቁጠር ነው። 28 ሳምንት 196 ቀን ነው፤ በእኛ ወር 6 ወር ከ16 ቀን። ጳጉሜ መሃል ከገባች ደግሞ ሌላ ጣጣ! ቆጠራው የሚጀምረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። እናትየው ከቀረባት ጊዜ ጀምራ ከቆጠረች አራት ሳምንት ገደማ ይጎድላል።

የሆስፒታልን ቁጥር የከተማው አድርጎ መውሰድም አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከደቡብ ምዕራቡ ሁሉ ሪፈር ይቀበላል። እዚያ የሚደርሱት የከበደባቸው ናቸው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የተሻለ ሥራን እንደ ውድቀት ማንበብ ነው። ትናንት "ሞቶ ተወለደ" ተብሎ ይጻፍ የነበረው የ26 ሳምንት ልጅ፣ ዛሬ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ሦስት ቀን ኖሮ ይሞታል። ባለሙያዎቹ ታግለዋል፤ መዝገቡ ላይ ግን አንድ የሕፃን ሞት ተጨመረ። ሞተው የተወለዱትን አብሮ ያላየ ሰው ይሳሳታል።

ደግሞ ሁሉንም በአቆጣጠር ማሳበብ አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ1000 በሕይወት ከተወለዱ 6.1 ሕፃናት ሞተውባታል። ከ24 ሳምንት በታች የተወለዱት ሲወጡ 4.2 ይሆናል። ያም ሆኖ የፊንላንድንና የስዊድንን እጥፍ ገደማ ነው። በእኛም የ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ1000 ሕፃናት 48 ሲሞቱ፣ 29ኙ በመጀመሪያው ወር መሆኑን አሳይቷል። ቀሪዎቹ 19 ወሩን አልፈው የሞቱ ናቸው፤ የእርግዝና ሳምንት አቆጣጠር እነሱን ብዙም አይነካቸውም።