ወንዝ ሲበከል ማስረጃ እንዴት ይያዛል?

የሞተ ዓሣ ፎቶ ብዙ ሰው ያስቆጣል፤ ቁጣው ግን ሳምንት አይሞላውም። የተጠረጠረው ድርጅት «ከእኛ አይደለም» ይላል፣ ተቆጣጣሪው «እናጣራለን» ይላል፣ ዝናብ ይመጣና ሁሉንም አጥቦ ይወስደዋል። ክርክር የሚረታው በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዘዴ ለወራት የተያዘ መዝገብ ነው። ውሃው ከመበከሉ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ያልመዘገበ ሰው ምን እንደተበላሸ ማስረዳት ያቅተዋል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ወንዙ ደህና በሚመስልበት ጊዜ ነው።

ቦታ መምረጥ

ከሁሉ በፊት ሁለቱንም ዳር በእግር ተከተሉ። የምታገኙትን ቱቦ፣ ቦይ፣ የቆሻሻ ክምርና እስከ ውሃው አፋፍ የታረሰ መሬት ፎቶ አንሱ፤ የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር መዝግቡ። ይህ በደረቅ ወቅት ቢደረግ ይሻላል። ለሦስት ቀን ዝናብ ሳይጥል የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ ውሃ የሚያፈስ ከሆነ ልብ በሉት። ምናልባት የከርሰ ምድር ውሃ ወይም የፈነዳ የውሃ መስመር ነው፤ ምናልባትም የሽንት ቤት ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ በስውር ተቀጥሎበታል።

ከዚያ ሦስት ነጥብ ምረጡ፦ ከምትጠረጥሩት ቦታ በላይ አንድ፣ ከበታቹ አንድ፣ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ። የላይኛው ነጥብ ከሌለ የሌላው ልፋት ከንቱ ነው፤ «ቆሻሻው ከላይ ነው የመጣው» ለሚል ሰው መልሱ እሱ ብቻ ነው። የታችኛውን ነጥብ ቱቦው አፍ ሥር አታድርጉት። ፍሳሽ ወንዝ እንደገባ ወዲያው አይዋሐድም፤ አንዱን ዳር ይዞ ረጅም መንገድ ይወርዳል። በሁለቱም ዳርና በመሐሉ ለኩና ሦስቱ ቁጥሮች የሚቀራረቡበትን ቦታ ፈልጉ፤ ውሃው የተዋሐደው እዚያ ነው። የውሃን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት (በውስጡ የሟሟ ጨው በበዛ ቁጥር ይጨምራል) የምትለካው ብዕር መሳይ መሣሪያ ለዚህ ትመቻለች።

ልኬት ሁልጊዜ ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይሄዳል። ከላይ ብትጀምሩ የረገጣችሁት ደለል ወደ ቀጣዩ ነጥብ ቀድሟችሁ ይደርሳል። ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ውሃ ይገባል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል። ውሃው ከጉልበት በላይ ከሆነ ወይም ከሞላ ማንም አይግባ።

መለካት

ብዙ ጀማሪ ቡድን የሚሳሳተው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ሲለካ ነው። ውሃ በቀዘቀዘ ቁጥር ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ በባሕር ወለል ከፍታ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በሊትር 11.3 ሚሊግራም ገደማ፣ በ20 ዲግሪ 9.1፣ በ30 ዲግሪ 7.5 ገደማ። ቦታው ከፍ ሲል ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ሙቀቱ አብሮት ያልተጻፈ የኦክስጅን ቁጥር አያስረዳም። ከ5 ሲወርድ ብዙ ዓሦች ይጨነቃሉ፤ ከ2 በታች ጥቂቶች ናቸው የሚችሉት። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። አልጌ (ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ ዝቃጭ መሳይ ነገር) የበዛበት ውሃ ከሰዓት በኋላ ቢለካ ጤነኛ ይመስላል፣ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ስለሚያመርት። ሌሊት ግን ያው አልጌ ራሱ ይተነፍሳል፤ ዓሣውም የሚሞተው ሊነጋ ሲል ነው። ጎህ ሳይቀድ አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ አንዴ ለኩና ልዩነቱን እዩ።

ኬሚካል የሚነግራችሁ የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጠዋት ላይ አልፎ ሄዷል። ድንጋይ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት ግን የሳምንታት ምስክር ናቸው። ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ መረብ ፈጣንና ድንጋያማ ቦታ ላይ ትከሉ፤ ከመረቡ በላይ ያለውን ድንጋይ ለሦስት ደቂቃ በእግር አተራምሱና የተያዘውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡ። ጅራታቸው ብዙውን ጊዜ ሦስት ክር የሆነ፣ ጎንና ጎናቸው ላይ ላባ መሳይ መተንፈሻ የሚርገበገብ እጮች፣ ሁለት ጅራት ያላቸውና ድንጋይ ላይ የሚለጠፉ እጮች፣ ከአሸዋና ከጭራሮ ቤት ሠርተው የሚሸከሙ እጮች ካሉ ውሃው ደህና ነው። ደም የመሰሉ ቀያይ እጮች ብቻቸውን ከሞሉት ኦክስጅን እያነሰ ነው፤ ቅላታቸው ራሱ ኦክስጅን ከሚይዝ ሄሞግሎቢን የመጣ ነው። የላይኛው ነጥብ ላይ ያሉት ዓይነቶች ታች ከጠፉ ቁጥራቸውን ጎን ለጎን ጻፉ። ስትጨርሱ ሁሉንም ወደ ውሃው መልሱ።

ለባክቴሪያ ምርመራ ከላቦራቶሪ የተሰጠ ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ። አታለቅልቁት፤ የክዳኑን ውስጥ በጣት አትንኩ። ፊታችሁን ወደ ላይኛው ወንዝ አዙሩ፣ ጠርሙሱን ከገጽ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉ፣ ከአፉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር አየር ተዉለት። ሳይበርድ፣ በብርሃን ከቆየ ባክቴሪያው ይሞታል ወይም ይራባል፤ በበረዶ ሣጥን ያዙትና በ6 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ አስረክቡ። ለኬሚካል ምርመራ የሚውለው ጠርሙስ ግን በራሱ በወንዙ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል።

ከማዳበሪያና ከሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጣው የናይትሬት ውጤት ሲደርሳችሁ አጻጻፉን አጣሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው፤ ያው መጠን በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ሲቆጠር 11 ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ያምታታ አቤቱታ መጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይወድቃል።

የወንዙንም መጠን መዝግቡ፣ ያው ፍሳሽ በበጋ ሲሆን ጉዳቱ ይብሳልና። 10 ሜትር ለኩና ብርቱካን ጣሉ፤ በ20 ሰከንድ ከደረሰ ፍጥነቱ በሰከንድ 0.5 ሜትር ነው። ገጽ ላይ ያለ ውሃ ስለሚፈጥን በ0.85 አባዙት። ወርዱ 4 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 0.3 ሜትር ከሆነ በሰከንድ 0.51 ሜትር ኩብ ይፈስሳል።

በዓይን የሚታይ ሁሉ ብክለት አይደለም

ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ገጹ ላይ ካያችሁ በእንጨት ንኩት። እንደ ቀጭን በረዶ ተሰነጣጥሮ ቁርጥራጩ ተለያይቶ ከቀረ ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው። ከተለያየ በኋላ ተመልሶ ከተያያዘ ግን ነዳጅ ወይም ዘይት ነው። ቡናማ ሆኖ አፈር አፈር የሚሸት ዐረፋም ብዙ ጊዜ ከበሰበሰ ቅጠል ይመጣል፤ ነጭና ሳሙና የሚሸት ከሆነ ወደ ላይ ተከተሉት።

የተደፋ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ውሃን በእጅ አትንኩ። በእንጨት ስታነሱት እንደ ፀጉር ከተንጠለጠለ ተራ አልጌ ነው። እንጨቱን ቀለም ብቻ ቀብቶ ከቀረ መርዝ ሊያመነጭ የሚችለው ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሰውም ከብትም ይራቅ። ማፍላት ይህን መርዝ አያጠፋውም።

አቤቱታው

የናሙና ሰነድ ላይ ማን ቀዳው፣ መቼ፣ የት፣ ለማን በስንት ሰዓት አስረከበ የሚለው በየፊርማው ይሙላ። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ውጤቱ ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ፎቶ ስታነሱ አንዱ በቅርብ፣ አንዱ ከሩቅ ቋሚ ምልክት (ድልድይ፣ ትልቅ ዛፍ) አብሮ እንዲታይ ይሁን፤ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ አስቀምጡ። ናሙና ብላችሁ ወደ ግለሰብ ግቢ አትግቡ፤ ክሱ ወደ እናንተ ይዞራል።

ከማመልከታችሁ በፊት ድርጅቱ ያለውን የፍሳሽ መልቀቂያ ፈቃድ ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ። ፈቃዱ ምን ያህል መልቀቅ እንደሚችል ይገድበዋል፤ ቁጥራችሁን ከዚያ ገደብ ጎን ስታስቀምጡ ክርክሩ ከስሜት ይወጣል። ደብዳቤው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። የታየው፣ የት፣ ስንት ጊዜ፣ የላይኛውና የታችኛው ነጥብ ልዩነት፣ እንዲደረግ የምትፈልጉት አንድ ነገርና መልስ የምትጠብቁበት ቀን ይኑረው። «መርዘውናል» አትበሉ፤ «ከቱቦው በታች ኦክስጅን በአሥር ልኬት ስምንቱን ከ5 በታች ነበር» በሉ። ቅጂ አስቀርታችሁ ቁጥርና ማኅተም ተቀበሉ። ቀኑ ካለፈ ያንኑ ቁጥር ጠቅሳችሁ ለበላይ አካል ጻፉ።

ፍሳሹ ቆመ ከተባለ በኋላም ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት፣ በጋውንም ክረምቱንም፣ በዚያው ሰዓት እዚያው ነጥብ ላይ ለኩ። ድንጋይ ሥር የነበሩት እጮች ወደ ታችኛው ነጥብ እስኪመለሱ መዝገቡን አትዝጉ።